ድንቹ ጥፋት አልነበረበትም

የወንድሜ ልጅ ከዓቢይ ጾም እስከ ፍልሰታ ድንች ሳይቀምስ የቆየው በእኔ ውሸት ነው። ለሌላ ልጅ ቢሆን ነገሩ ቀላል ይመስል ይሆናል። ለእርሱ ግን ቀላል አይደለም። ፍራፍሬ አይበላም፣ ማር አይቀምስም፣ ከአትክልት የሚፈቀድለት በጣት የሚቆጠር ነው። ማዕዱ ሩዝ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ እናቱ ያለ ስኳር የምትጋግረው ዳቦ ነው፤ ድንች ደግሞ ከሁሉም የሚወደው ነበር። እኔ ያበሰልኩለትን በልቶ ሆስፒታል ሲገባ እናቱ ጥፋቱን ድንቹ ላይ ጣለች። እኔም እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

አሁን ለእርሷም ለወንድሜም ተናግሬያለሁ። ይህን መጻፌ ግን በእነርሱ ብቻ የሚያበቃ ስላልመሰለኝ ነው። እንደ እኔ ያለች አክስት ወይም አያት በየቤቱ አለች፤ ልጅ መመገብ የምታውቅበት፣ በማወቋም የምትኮራ፣ «አልፈልግም» የሚል ልጅ ሲገጥማት ሞልቃቃ ነው ብላ የምታልፍ።

ሕመሙ በዘር የሚመጣ ነው። ሰውነት ፍሩክቶስ የሚባለውን የስኳር ዓይነት አይችለውም። ፍሩክቶስ በፍራፍሬና በማር ውስጥ አለ፤ ሱክሮስ የሚባለው፣ ሻይ የምናጣፍጥበት ነጭ ስኳርም ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። «ስኳር የለውም» ተብለው በሚሸጡ ከረሜላዎች፣ በጥርስ ሳሙናና በልጆች ሽሮፕ ውስጥ የሚገባው ሶርቢቶልም ሰውነት ውስጥ ሲደርስ ፍሩክቶስ ይሆናል። ጤነኛ ጉበት ይህን ስኳር አልዶሌዝ ቢ በሚባል ኢንዛይም ይሰባብረዋል። የወንድሜ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ይህ ኢንዛይም አይሠራለትም። ፍሩክቶሱ ጉበት ይገባል፣ ፎስፌት ይጣበቅበታል፣ ከዚያ ወዲያ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል። ጉበቱ ኃይል የሚያመነጭበት ፎስፌት እዚያው ታስሮ ስለሚቀር፣ ያከማቸውን ግሉኮስ ወደ ደም መልቀቅ ያቅተዋል። የደም ስኳር የሚወርደውም በዚህ ነው። ልጁን ያስመልሰዋል፣ ያልበዋል፣ ይዝለፈለፋል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ሲደጋገም ጉበትና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ሳይታወቅ ከቀጠለ ልጁ ሊሞት ይችላል።

እንዲህ አድርጌ መናገር የቻልኩት ከጥፋቴ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነበር። እኛ በምንኖርበት በጀርመን «ፍሩክቶስ አይስማማኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፖም ስትበላ ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፤ ሲብስባት ትተዋለች፣ ሲሻላት ትመለስበታለች። እርሷን የያዛት አንጀት ፍሩክቶስን በደንብ አለመምጠጡ ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። የወንድሜ ልጅ ሕመም ስሙ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ነገሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የባልደረባዬን ችግር ለማወቅ ሐኪም ፍሩክቶስ አጠጥቶ ትንፋሽ ይለካል፤ ያንኑ ምርመራ ለወንድሜ ልጅ ቢያደርጉለት ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥለዋል። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ያዝኳቸው። ለእናቴም ደሴ ደውዬ «የሆድ መነፋት ነው፣ ሲያድግ ይለቀዋል፤ ሚስቱ ናት የምታጋንነው» አልኳት። ይህን በገዛ አፌ ነው የተናገርኩት።

ስለ ወንድሜ ሚስት ያለኝ ስሜት ቀና አልነበረም፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በማኅበራችን ዝክር ወይም ሠርግ ሲኖር ወጡን የምሠራ እኔ ነኝ። እርሷ የልጇን ምግብ በሚዛን ስትመዝን፣ ከሱቅ የገዛችውን ሁሉ ጀርባውን ገልብጣ ስታነብ፣ ልጁ እኔ ቤት ሲመጣ የራሱን ምግብ በዕቃ ይዞ ሲመጣ፣ በእጄ ላይ እምነት እንደሌላት አድርጌ ቆጠርኩት። ልጁ ጡት ሲጠባ ደህና እንደነበር አስታውስ ነበር። ፊቱ የሞላ፣ ሳቂታ ሕፃን ነበር። የጡት ወተት ስኳር ላክቶስ ስለሆነና ፍሩክቶስ ስለሌለበት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የተፈጨ ፍራፍሬ ሲጀመርለት ማስመለስ ጀመረ፣ ክብደቱ ቆመ፣ ጫጫ። እኔ በልቤ «እናቱ ጡት አስጥላው ነው» አልኩ። ሐኪሞቹ ጉበቱን አይተው ጠረጠሩ፤ የዘረመል ምርመራው አረጋገጠ። ሁለቱም ወላጆቹ ሳያውቁት አንድ አንድ የተበላሸ ዘረመል ይዘው ኖረዋል፤ ለእርሱ ሁለቱም ደረሱት። እዚህ አገር በተሠራ ጥናት ከ26,100 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ወንድሜ የያዘውን ዘረመል እኔም ይዤው ይሆናል። ስለ እናቱ ቤተሰብ የተወራውን ያህል ስለ እኛ ቤተሰብ አልተወራም፤ ያንንም ወሬ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

የወንድሜ ሚስት ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ስትገባ ወንድሜ አጠገቧ መሆን ነበረበት፤ ልጁን እኔ ዘንድ ተዉት። ከልብሱ ጋር በእጇ የተጻፈ ወረቀት አብሮ መጣ። ስለ ድንች የጻፈችው ከሌላው ሁሉ ይረዝም ነበር። በደንብ ደርሶ የተቆፈረ ይሁን እንጂ አዲስ ድንች አይሁን፤ ብርድ ላይ የተቀመጠ አይሁን፤ ይላጥ፣ በትንንሹ ይከተፍ፣ ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ ውሃው ይደፋ፤ በብዙ ውሃ ይቀቀል፣ ያም ውሃ ይደፋ፤ ሽንኩርትና ካሮት አይግባበት። ከሁሉ በታች ደግሞ «እትዬ፣ አልበላም ካለሽ ተይው» የሚል ነበረ።

አንብቤ አዘንኩ፤ ያዘንኩት ግን ለልጁ ነው። ጣዕሙ ታጥቦ የወጣ ድንች ለልጅ ይሰጣል? እኔ ያደግሁት የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት በረከት መድፋት ነው እየተባልኩ ነው። ደሴ ቤታችን ድንች ይገባል እንጂ ውሃው አይወጣም፤ ወጡ የሚወፍረው፣ አልጫው የሚጥመው በዚያ ነው። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። መለጠፌ ግን እንድከተለው አላደረገኝም።

ድንቹን በጆንያ ገዝቼ በረንዳ ላይ አስቀምጬው ነበር። የፈረንጁን ክረምት ሙሉ በረንዳዬ እንደ ማቀዝቀዣ ያገለግለኛል። መጀመሪያ የሠራሁለት ጥብስ ነው። ድንቹ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆነ፤ ስቀምሰው ጣፋጭ ነበር። ጥሩ ድንች ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ያ ቀለም ምን ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ድንች ብርድ ሲነካው ስታርቹን እየሰባበረ ስኳር ያደርገዋል፤ ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይበዛበታል። ዘይት ውስጥ ቶሎ የሚጠቁረውም በዚሁ ስኳር ነው። ልጁ ጥቂት በልቶ ተወው። ሆዱን ይዞ ሶፋው ላይ ተኛ። «እናቱ ናፍቃው ነው» አልኩ።

በኋላ አልጫውን ሠራሁ። ጾም ስለነበር እኔም ከዚያው ልበላ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ እርድም ጨመርኩ፣ ካሮት በክብ በክቡ ከተፍኩበት፣ ያንኑ የበረንዳ ድንች አስገብቼ ከነውሃው አንተከተክሁት። ወረቀቱን ረስቼው አልነበረም። «ትንሽ ብትሆን ምን ታደርገዋለች» ብዬ ነው። ካሮት ጣፋጭ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ በውስጡ ያለው አብዛኛው ስኳር ሱክሮስ ነው። ሽንኩርትም ሲያለቅሱበት አይታወቅም እንጂ ስኳር አለው፤ ሲቁላላ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። እነዚህ ሁሉ ውሃው ውስጥ ሟሙ፤ ድንቹም ያንን መረቅ መጠጠው።

ልጁ ሳህኑን አሸተተና ወደ እኔ ገፋው። «አክስቴ፣ አልፈልግም» አለኝ። ቀምሶ እንኳ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ስም ሳያወጡለት፣ ማንም ሳይነግራቸው ከጣፋጭ ነገር ይሸሻሉ፤ በዚህም የተነሳ ጥርሳቸው ብዙም አይበሰብስም። የዚህን ልጅ ጥርስ ንጣት ሁልጊዜ አደንቅ ነበር፤ ከምን እንደመጣ አስቤ አላውቅም። አጎረስኩት። አፉን ገጠመ። «ለአክስትህ ስትል» አልኩት፤ ከፈተልኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩት፣ እያባበልኩ ሠለስኩት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ እየዋጠ ነበር። ለእኔ ሲል በላ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ብርድ ድንቹን ምን እንደሚያደርገው ባላውቅ፣ የካሮቱን ስኳር ባላውቅ አለማወቅ ነው። ልጁ ግን ነግሮኛል። ሰውነቱ የሚያውቀውን በአፉ ነገረኝ፤ እኔ በፍቅሬ አስገድጄ አፉን አስከፈትኩት።

ብዙ ሳይቆይ አስመለሰው። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አሰጠመው፣ ስጠራው መልስ መስጠት ያቅተው ጀመር። በዚህ ጊዜ ያደረግሁትን እስካሁን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት። አገራችን ልጅ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ስኳርና ጨው በጥብጦ ማጠጣት ብዙ ሕፃናትን ያተረፈ እውቀት ነው፤ የደከመ፣ ያላበው ሰው ሲታይ «ስኳር አቅምሱት» ይባላል። የልጁ የደም ስኳር በእርግጥ ወርዶ ነበር። የሚያስፈልገው ግን ግሉኮስ ብቻ ነበር። እኔ የሰጠሁት ግማሹ ያው የመረዘው ነገር ነበር።

112 ደወልኩ። ቦርሳው ውስጥ እናቱ ሁልጊዜ የምታኖርለት ካርድ አለ፤ ሕመሙን፣ ምን እንዳይሰጠው፣ በአደጋ ጊዜ ምን እንደሚሰጠው የሚናገር። ለመጡት ሰዎች እርሱን መስጠቴ ያን ቀን በትክክል ያደረግሁት ብቸኛ ነገር ነው። ካርዱ በከንቱ አይያዝም። በጀርመን ቀደም ባሉት ጊዜያት ፍሩክቶስና ሶርቢቶል ያለበት ፈሳሽ ለሕሙማን በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ያልታወቀላቸው ሰዎች በዚያ ሞተዋል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 በደም ሥር በሚሰጡ መድኃኒቶች ላይ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አሳስቧል። ለልጁ በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጡት፤ ቀስ በቀስ ዓይኑን ገለጠ።

ሐኪሙ ምን እንደበላ ጠየቁኝ።

«ድንች» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ድንች ብቻ። በውሃ የተቀቀለ።»

ስለ ስኳሩ ውሃም አልተናገርኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ የተረፈውን አልጫ ደፋሁ፤ ድስቱን ፍቄ አጠብኩት። አራሷ በስልክ ስትጠይቀኝ ድምጿ ደክሞ ነበር። «እትዬ፣ ውሃውን ደፍተሽዋል?» አለችኝ። «ደፍቻለሁ» አልኳት። «ከበረንዳ አይደለም አይደል ያመጣሽው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኩ።

እናቲቱ ቃሌን አመነች፤ ያመነችበትም መንገድ ልክ ነበር። በደንብ የተዘጋጀ ድንች በልቶ እንዲህ ከሆነ፣ የልጁ አቅም ሐኪሞቹ ከገመቱት ያነሰ ነው ማለት ነው። ድንቹን ከምግቡ አወጣችው። የምግብ ባለሙያዋ ነገሩ እንግዳ ሆኖባት የዳቦውን፣ የጥርስ ሳሙናውን፣ የቫይታሚኑን ጠብታ ሳይቀር አስመረመረቻት። የወንድሜ ሚስት ጨቅላ ታቅፋ፣ ሌሊት ተነስታ፣ የት እንደሳተች በደብተሯ ትፈልግ ነበር። አንድ ቀን አራስ ልጠይቅ ሄጄ «ድንች ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ ጉበቱን ስጎዳው ኖሬያለሁ» ብላ ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጬ ገንፎዬን በላሁ። መዋዕለ ሕፃናት ድንች የሚቀርብበት ቀን ልጁ ነጭ ሩዙን ይዞ ለብቻው እንደሚቀመጥ ወንድሜ ሲነግረኝም ሰማሁ። ሁለቱም ጊዜ መናገር እችል ነበር።

በፍልሰታ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስለ ጉርሻው፣ ስለ ስኳሩ ውሃ፣ ስለ ውሸቱ በዝርዝር ነገርኳቸው። ስጨርስ የቀኖናውን ነገር ሳያነሱ «ልጁ አሁን ምን ይበላል?» አሉኝ። ሩዝ አልኳቸው። «ድንቹስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «እንግዲያማ በደሉ ዛሬም እየተሠራ ነው። መጀመሪያ ወደ እናቱ ሂጂ» አሉኝ።

ሄድኩ። እንደማለቅስ፣ እንደምትጮህብኝ፣ ከዚያ ይቅር እንደምትለኝ አስቤ ነበር የሄድኩት። ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። ነግሬያት ስጨርስ ደብተሯን አመጣች። «ካሮቱ ስንት ነበር?» አለችኝ። «ምን ያህል ጎረሰ? ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ነው ወይስ ጥሬውን ነው የገባው? ስኳሩን በሻይ ማንኪያ ነው በሾርባ ማንኪያ? ካስመለሰው በኋላ ነው ያጠጣሽው?» እጇ እየተንቀጠቀጠ ጻፈች። እኔ ምሕረት ስፈልግ እርሷ ልኩን ትፈልግ ነበር፤ ሐኪሙ ዘንድ ይዛው የምትሄደው ልኩን ስለሆነ። ጽፋ ስትጨርስ ብቻ «እትዬ፣ እኔን ጠልተሽኝ ከሆነ ለእኔ ትነግሪኝ ነበር» አለችኝና ወደ ጨቅላዋ ሄደች። ወንድሜ መስቀል አልፎ ነው ስልኬን ያነሳው።

ድንቹ በሐኪም ፈቃድ፣ በጥቂት በጥቂቱ ተመለሰ። ልጁ ምንም አልሆነም። እናቱ እንዴት እንደምታዘጋጀው እንድታሳየኝ ለመንኳት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ እሺ አለች። ጉዳዩ የሚጀምረው ከገበያ ነው። ጀርመን ውስጥ ድንች ሲሸጥ ሲቀቀል የማይፈርሰውና የሚፈርሰው ተለይቶ ተጽፎበት ነው፤ እርሷ ግን ከዚያ በፊት የምታየው መድረሱን ነው። ያልደረሰ አዲስ ድንች ቆዳው ስስ ነው፣ በአውራ ጣት ሲያሹት ይላጣል፤ ገና ስታርቹን አጠራቅሞ ስላልጨረሰ ስኳሩ ከደረሰው ይበልጣል። በበጋ መጀመሪያ ሁሉም ለአዲስ ድንች ሲሰለፍ እርሷ ትታው ታልፋለች። ቆይቶ የበቀለውንም አትገዛም፤ ለመብቀል የሚሰናዳ ድንች ያከማቸውን ስታርች እንደገና ወደ ስኳር መልሶ ይመነዝረዋል። አረንጓዴ የሆነውን መተው ለማንም ሰው ነው፤ የእርሱ መርዝ ሌላ ነው።

ገዝታ ስትመጣ ጨለማ ባለበት፣ ቀዝቀዝ ባለ ግን በማይበርድ ቦታ ታስቀምጠዋለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ የተቀመጠ ድንች ሳይታወቅ እየጣፈጠ ይሄዳል። ይህን የሚያውቁት የታመመ ልጅ ያላቸው ብቻ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ደንብ ድንች ጠባሾች ድንቹን ከ6 ዲግሪ በላይ እንዲያስቀምጡት ይጠይቃል፤ ስኳር የበዛበት ድንች ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ነገር ስለሚበዛበት ነው። ብርድ የነካውን ድንች የክፍል ሙቀት ባለበት ለሁለት ሳምንት ያህል ቢያቆዩት ስኳሩ በከፊል ይቀንሳል፤ እርሷ ግን ለዚህ ልጅ በከፊል በሚለው አትተማመንም። ከሱቅም ከመጋዘንም ምን ያህል ብርድ እንዳገኘው ስለማይታወቅ ትንሽ ቁራጭ ዘይት ውስጥ ጣል አድርጋ ታያለች፤ ቶሎ ከጠቆረ ለእኛ ይቀራል።

ከዚያ ይላጣል፣ በትንንሹ ይከተፋል። መከተፉ ለውበት አይደለም፤ የተቆረጠው ገጽ በበዛ ቁጥር ስኳሩ ወደ ውሃው መውጫው ይበዛል። በብዙ ውሃ ይነከራል፣ ይደፋል፤ በአዲስ ብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ይደፋል። ስታርቹ እዚያው ይቀራል፣ ስኳሩ ይሄዳል። ከቫይታሚን ሲ እና ከፖታሲየምም አብሮ የሚሄድ አለ፤ ልጁ ፍራፍሬ ስለማይበላ ቫይታሚን ሲ ለብቻው ይሰጠዋል፣ እርሱም ስኳርና ሶርቢቶል የሌለበት መሆን አለበት። እኔ በረከት ብዬ የያዝኩት መረቅ ለእርሱ የሚደፋው ነው። ከነቆዳው ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ ወጥ ውስጥ የገባ ድንች ስኳሩን ይዞ ይቀራል። ተቀቅሎ ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ግን በተራ ቅቤና በጨው መፍጨት ይቻላል፤ ደረቅ አድርጎ ዘይት ውስጥ መጥበስም ይቻላል። ልጁ ይህን ጥብስ ነው የሚወደው፤ ሲነካ የሚንኮሻኮሸውን። ከሱቅ የሚመጣ የድንች ሰላጣ፣ የድንች ዱቄት፣ የቀዘቀዘ ጥብስ ጀርባው ሳይነበብ አይገባም፤ ግሉኮስ የተረጨበት ቢሆን አይጎዳውም፣ ስኳር ወይም ሽንኩርት የገባበት ግን ይጎዳዋል። ስኳር ድንች ከናካቴው የለም። ስንት ግራም ይብላ የሚለውን የሚወስኑት ሐኪሙና የምግብ ባለሙያዋ ናቸው፤ ለአንዱ ልጅ የሆነው ለሌላው አይሆንም።

ይህ ሕመም በሕክምና መጽሐፍ የተጻፈው ቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ቻምበርስና ፕራት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፍራፍሬና ስኳር ስለሚያማት፣ ግሉኮስ ግን ምንም ስለማያደርጋት የ24 ዓመት ሴት ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ፍሮሽ የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ዙሪክ ውስጥ ሕመሙ በቤተሰብ የሚሄድ መሆኑን አሳዩ። ይህን ሳነብ የቆምኩት ዕድሜዋ ላይ ነው። እስከ 24 ዓመቷ ስንት ሰው አጉርሷት፣ ስንት ሰው «ለእኔ ስትዪ» ብሏት ይሆን? በሕይወት የደረሰችው እምቢ ማለት ስለቻለች ይመስለኛል። የወንድሜ ልጅ እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ለእኔ ሲል ተወው።

ዘንድሮ ለእረፍት ደሴ ሊወስዱት አስበዋል። ወሬውን የሰማችው እናቴ ባለፈው እሑድ ደውላ ዝግጅቷን ነገረችኝ። «ድንች ቤት አይገባም ብያለሁ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ ነግሬያለሁ። ካሮቱንና ጥቅል ጎመኑን ብቻ በሽንኩርት አቁላልቼ አልጫ አደርግለታለሁ» አለችኝ። የልጁን አንድ ደህና ምግብ ከልክላ የሚጎዳውን ልታበላው ነው፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለወንድሜ ቤት ስናዘዝ ውሸቱ ደሴ ድረስ ሄዶ ቤት መሥራቱን ረስቼው ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ታዲያ ድንቹ አይደለም?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ። በደንብ ደርሶ የተቆፈረ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው የተደፋ ይሁን እንጂ ድንች ይበላል። ካሮቱን ተይው፤ ሽንኩርቱንም ተይው፤ እናቱ ከምትልሽ ሌላ ምንም አታቅምሺው። እምቢ ካለሽ ደግሞ እሺ በይው።»

ዝም አለች። ከዚያ «ለሰው ሁሉ ድንች ነው ያሳመመው ብያለሁ፤ አሁን ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«አክስቱ ናት በያቸው» አልኳት።